የሰውነት ቢሻው ዘመን እና የወልድያ ሜዳ

ዋንጫው ከመጣበት ቀን እስከ ረጅሙ ድርቅ

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ከግብፅ ጋር ለሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ተገናኘ። ግብፅ ሁለት ጊዜ ቀድማ አገባች፤ ኢትዮጵያ ሁለቱንም ጊዜ ተከትላ አቻ ሆነች። መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አለቀ። በተጨማሪው 30 ደቂቃ ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን፣ ወጣቱ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጎል አክለው ዋንጫው እዚሁ ቀረ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለው። ቡድኑን ያሠለጠኑት ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ራሳቸው ተጫውተው ያደጉ፣ የአገሪቱን እግር ኳስ ከሥሩ ያደራጁ፣ ኋላም ከ1964 ዓ.ም. እስከ ዕለተ ሞታቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት የመሩ ሰው ናቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የኢትዮጵያ አሰልጣኝ ሁሉ የሚለካው በዚያ ዋንጫ ሆነ። አራተኛዋን ጎል ያስቆጠረው መንግሥቱ ወርቁ ጫማውን ከሰቀለ በኋላ የአሰልጣኝነቱን ወንበር ሲረከብ ሚዛኑ ለእሱም አልቀለለለትም። በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ባዘጋጀችው የአፍሪካ ዋንጫ ቡድኑን ይዞ ሄደ። ምድቡ ከባድ ነበር፦ ናይጄሪያ፣ ዛምቢያ እና በዚያው ዓመት በዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን ያሸነፈችው አልጄሪያ። ኢትዮጵያ በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸነፈች፤ ከአልጄሪያ ጋር ያለ ጎል ተለያየች። አንድ ነጥብ ይዛ፣ አንድም ጎል ሳታገባ ተመለሰች።

ያኔ ማንም ያላሰበው ነገር ቢኖር ቀጣዩ ተሳትፎ 31 ዓመት እንደሚፈጅ ነው። በሊቢያው ዋንጫ ሰሞን የተወለደ ልጅ አድጎ፣ ተምሮ፣ አግብቶ፣ ራሱ ልጅ ወልዶ ኢትዮጵያን በአፍሪካ ዋንጫ አላየም። በመካከሉ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ፣ ሴካፋ የምንለው፣ መጽናኛችን ሆኖ ቆየ። በ1980 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፈን ወሰድነው። በ1994 እና በ1997 ዓ.ም. በአሥራት ኃይሌ መሪነት ደገምነው፣ ሠለስነው። በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ኪጋሊ ላይ፣ በአስተናጋጇ በሩዋንዳ ሕዝብ ፊት፣ በፍጻሜው 1 ለ 0 አሸንፈን ዋንጫውን ይዘን ተመለስን። በዚያ ጊዜ በተጠባባቂዎች ወንበር ጫፍ ላይ የቆሙት አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ነበሩ።

ሲጠሩ የመጡ ሰው

ከኪጋሊው ድል በኋላ የሆነው የኢትዮጵያን እግር ኳስ ዓይነተኛ ሕመም ያሳያል። ዋንጫ ያመጣ አሰልጣኝ የጀመረውን ሥራ እንዲጨርስ ዕድል አልተሰጠውም፤ ወንበሩ ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋወረ። በፌዴሬሽኑ አመራር ላይ የተነሳው ውዝግብ እየከረረ ሄዶ ፊፋ በ2000 ዓ.ም. ኢትዮጵያን አገደ፤ በ2001 መግቢያ ላይ ቡድኑ ከደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ተባረረ። በሜዳ ውጤት ሳይሆን ቢሮ ውስጥ በተደረገ ጠብ ከውድድር የወጣ ቡድን ሆነ። ከእገዳው ስንወጣ ፌዴሬሽኑ ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ። ግላስጎው የተወለደው ኢፊ ኦኑራ መጥቶ ብዙም ሳይቆይ ሄደ። ቤልጂጋዊው ቶም ሴንትፊትም ወራት እንኳ በወጉ ሳይሠራ ለቀቀ።

በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት አሰልጣኝ ሰውነት እንደገና ተጠሩ። ዕድሜያቸው ወደ 60 እየተጠጋ ነበር። የተረከቡት ቡድን ገና በቅድመ ማጣሪያ ደረጃ ላይ ነበረ፤ ትልልቆቹ አገሮች በማይረግጡት ደረጃ ማለት ነው። የመጀመሪያው ሥራ ከሶማሊያ ጋር ነበር። በጸጥታ ምክንያት የሶማሊያ የሜዳ ጨዋታ ጅቡቲ ላይ ተደርጎ ያለ ጎል አለቀ። በአዲስ አበባው መልስ ኢትዮጵያ 5 ለ 0 አሸንፋ ወደ ዓለም ዋንጫው የምድብ ማጣሪያ ገባች።

የእሳቸው ቡድን ከቀደሙት የሚለይበት ነገር ነበረው። ኳሷን መሬት ላይ አድርጎ፣ በአጭር ቅብብል፣ ተጋጣሚን ወደራሱ እየሳበ ይጫወታል። ተጫዋቾቹ አብዛኞቹ ከአገር ውስጥ ሊግ የመጡ፣ በቁመትና በጉልበት ከምዕራብ አፍሪካ ቡድኖች ጋር የማይመጣጠኑ ነበሩ። አሰልጣኙ የሌላቸውን ጉልበት ከመመኘት ያላቸውን ቅልጥፍና ለማደራጀት መረጡ። ከኋላ ደጉ ደበበ በአምበልነት፣ ከመሐል አዳነ ግርማ፣ ምንያህል ተሾመና ሽመልስ በቀለ፣ ከፊት በግብፅ ሊግ የሚጫወተው ሳላዲን ሰኢድ እና ከደደቢት የወጣው ጌታነህ ከበደ። ስማቸው በየሰፈሩ መጠራት የጀመረው በዚህ ዓመት ነው።

ግንቦት 26 ቀን 2004 ዓ.ም. ሩስተንበርግ ላይ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ተሰማ። ሳላዲን ቀድሞ አስቆጥሮ ኢትዮጵያ ከባለሜዳዋ ደቡብ አፍሪካ ጋር 1 ለ 1 ተለያየች። ከሳምንት በኋላ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ በአዲስ አበባ 2 ለ 0 ተሸነፈች። በሌላው መስመር፣ በአፍሪካ ዋንጫው ማጣሪያ፣ ቤኒንን አዲስ አበባ ላይ ማሸነፍ አልተቻለም፤ ያለ ጎል አለቀ። ግን ሰኔ 10 ቀን ኮቶኑ ላይ 1 ለ 1 ወጥታ፣ ከሜዳ ውጭ ባገባቻት አንዲት ጎል አለፈች። ውጭ ሜዳ ላይ የምትቆጠር ጎል ዋጋዋ ምን ያህል እንደሆነ ያ ቡድን ያኔ ተማረ። ትምህርቱ ሦስት ወር ሳይሞላው ተፈለገ።

ጥቅምት 4

የመጨረሻው እንቅፋት ሱዳን ነበረች። በዚያው ዓመት በአፍሪካ ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ የደረሰች፣ በሴካፋ ደጋግመን የምንተዋወቃት ጎረቤት። ጳጉሜን 3 ቀን 2004 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ኢትዮጵያ 5 ለ 3 ተሸነፈች። አምስት ጎል የገባበትን ቡድን ሰው አበቃለት ይለዋል። አሰልጣኝ ሰውነት ግን ውጤቱን ሲያነቡት ከአምስቱ ይልቅ ሦስቱ ነበሩ የሚታዩአቸው። በደርሶ መልስ ሕግ መሠረት አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ማሸነፍ ድምሩን 5 ለ 5 ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ ከሜዳ ውጭ የገቡት ሦስት ጎሎች ኢትዮጵያን ያሳልፏታል።

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ስታዲየም ጢም ብሎ ሞላ። የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ጎል አለቀ። ተመልካቹ እየተጨነቀ፣ ሰዓቱ እየሮጠ ሳለ በሁለተኛው አጋማሽ አዳነ ግርማ አስቆጠረ፤ ሳላዲን ሰኢድ ደገመ። ስሌቱ ሞላ። ፊሽካው ሲነፋ ሕዝቡ ወደ ጎዳና ወጣ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የለበሰ ወጣት ሌሊቱን በመኪና ጥሩምባ ሲዘዋወር አደረ። ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ዋልያዎቹ የምንላቸው የብሔራዊ ቡድኑ ልጆች ለአፍሪካ ዋንጫ አለፉ፤ ያሳለፋቸውም የአገር ልጅ አሰልጣኝ ነበር።

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ዋንጫው ከተወሰደበት ዕለት ልክ 51 ዓመት በኋላ፣ ኢትዮጵያ ኔልስፕሩት ላይ የወቅቱን ሻምፒዮን ዛምቢያን ገጠመች። በደቡብ አፍሪካ ሠርተው የሚኖሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ከየከተማው ተሰብስበው ስታዲየሙን አገር ቤት አስመሰሉት። ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በመጀመሪያው አጋማሽ ቀይ ካርድ አየ። ዛምቢያ እረፍት ሊወጣ ሲል አገባች። በዚህ ሁሉ ላይ አሥር ሰው የቀረው ቡድን ከእረፍት በኋላ ኳሷን ይዞ ተጫወተ፤ በ65ኛው ደቂቃ አዳነ ግርማ አቻ አደረገ። ሻምፒዮኗ አሥር ሰው ፊት ላብ አጠመቃት። በሊቢያ ያልተገኘችው ጎል ከ31 ዓመት በኋላ ተገኘች።

ቀጣዮቹ ሁለት ጨዋታዎች መራር ነበሩ። ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 አሸነፈች፤ ይህች ቡድን እስከ ፍጻሜ የሄደች ነች። ናይጄሪያን ግን እስከ 80ኛው ደቂቃ ይዘው ቆይተው ነበር። ቪክተር ሞሰስ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶች አስቆጠረ፤ ሲሳይ ባንጫ ቀይ ካርድ ሲያይ ቅያሪው አልቆ ስለነበር አማካዩ አዲስ ሕንጻ ጓንት አጥልቆ ግብ ውስጥ ቆመ። ኢትዮጵያ ከምድቧ በአንድ ነጥብ ወጣች። በተቃራኒው ወንበር የነበረው እስቴፈን ኬሺ ዋንጫውን አነሳ፤ በተጫዋችነት በ1986 ዓ.ም. ያነሳውን በአሰልጣኝነት ደገመው። ኬሺም የአገሩ ልጅ ነበር። የራሱ ሕዝብ እንኳ በውድድሩ መካከል ይጠራጠረው የነበረ ሰው ነው። የዚያ ዓመት የአፍሪካ ዋንጫ ለአህጉሩ የነገረው አንድ ነገር ቢኖር የአገር አሰልጣኝ ጊዜ ካገኘ ከማንም እንደማያንስ ነው።

ከብራዚል ደጃፍ

ከደቡብ አፍሪካ መልስ ሥራው አላበቃም። የዓለም ዋንጫው ማጣሪያ ቀጠለ። መጋቢት 15 ቀን 2005 ዓ.ም. ቦትስዋና አዲስ አበባ ላይ በጌታነህ ጎል ተሸነፈች። ሰኔ 1 ቀን በሜዳዋም 2 ለ 1 ተሸነፈች። ሰኔ 9 ቀን ደቡብ አፍሪካ መጣች። እንግዶቹ ቀድመው አገቡ፤ ጌታነህ አቻ አደረገ፤ በርናርድ ፓርከር በራሱ መረብ ላይ አስቆጠረ። 2 ለ 1። ከተማው ሁሉ ኢትዮጵያ ምድቧን ማሸነፏን ቆጥሮ ጭፈራ ጀመረ።

በዚያው ቀን ፊፋ ምርመራ መጀመሩን አስታወቀ። ምንያህል ተሾመ በሁለት ቢጫ ካርድ ታግዶ ሳለ በሰኔ 1ዱ የቦትስዋና ጨዋታ ተሰልፏል። ፌዴሬሽኑ ስሕተቱን አመነ። ውጤቱ ተሰርዞ ለቦትስዋና 3 ለ 0 ተመዘገበ፤ ሦስት ነጥብ በነነ። በመላ አገሪቱ የነበረው ደስታ በአንድ ምሽት ወደ ቁጭት ተቀየረ። የካርድ መዝገብ መያዝ ጎል ከማግባት ያላነሰ ሥራ እንደሆነ ኢትዮጵያ የተማረችው በዚህ ዋጋ ነው።

ቡድኑ ግን አልተበተነም። ጳጉሜን 2 ቀን ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፎ በ13 ነጥብ፣ ደቡብ አፍሪካን በሁለት ነጥብ በልጦ ምድቡን መራ። ነጥብ ተቀንሶበትም አንደኛ የወጣ ቡድን ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ከዚያ በፊት ከዓለም ዋንጫ ይህን ያህል ቀርቦ አያውቅም፤ የቀረው ደርሶ መልስ ብቻ ነበር።

ዕጣው ናይጄሪያን አወጣ። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በኃይሉ አሰፋ ኢትዮጵያን ቀዳሚ አደረጋት። ኤማኑኤል ኤመኒኬ አቻ አደረገ፤ በመጨረሻው ደቂቃ ደግሞ በፍጹም ቅጣት ምት አሸናፊ ጎል አገባ። ኅዳር 7 ቀን ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸንፈን ብራዚል ቀረ። ናይጄሪያ ያኔ የአፍሪካ ሻምፒዮን ነበረች። የተሸነፍነው በአህጉሩ ምርጥ ቡድን እንደነበር ዛሬ ሲያስቡት ቁጭቱን ያበርደዋል፤ ያኔ ግን ያበረደለት ሰው አልነበረም።

ጥር 2006 ዓ.ም. ቡድኑ እንደገና ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። ይህኛው በአገር ውስጥ ሊግ ለሚጫወቱ ብቻ የተዘጋጀው የቻን ውድድር ነው፤ ኢትዮጵያም የገባችው ሩዋንዳን በመለያ ምት አሸንፋ ነበር። ሳላዲንና ጌታነህ ውጭ ስለሚጫወቱ አልተሰለፉም። በሊቢያ፣ በኮንጎና በጋና በተከታታይ ተሸንፎ አንድም ጎል ሳያገባ ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ ፌዴሬሽኑ አሰልጣኝ ሰውነትን አሰናበተ። አገሪቱን ከ31 ዓመት ድርቅ ያወጣ፣ ከብራዚል ደጃፍ ያደረሰ ሰው ሥራው የተዘጋው ዋና አጥቂዎቹ በሌሉበት ውድድር ነው። ወንበሩን ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ ተረከበ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ኢትዮጵያ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ፈጀባት፤ በእነዚያ ዓመታት ወንበሩን የተቀመጡበትን መቁጠር ከተጫዋች መቁጠር አልተናነሰም።

ወደ ወልድያ

ዋልያዎቹ ባነሡት ስሜት ማግስት፣ በክልል ከተሞች የተደራጁ ተጨማሪ ክለቦች ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ገቡ። ከእነዚህ አንዱ ከአዲስ አበባ 520 ኪሎ ሜትር ገደማ በሰሜን፣ ወደ መቀሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የወልድያ ከተማ ክለብ ነው። በ2007 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ፕሪሚየር ሊጉን ተቀላቅሎ በአንድ ዓመት ወረደ። ወደ ታች ሊግ ተመልሶ እንደገና ታግሎ በ2009 ዓ.ም. ተመለሰ።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ በከተማዋ ያደጉት ሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ያስገነቡትና በስማቸው የሚጠራው ስታዲየም ተመረቀ። ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዝ፣ ለከተማዋ ስፋት ትልቅ የሆነ ሜዳ ነው። በዚያ ዘመን ከአገሪቱ ጥሩ ስታዲየሞች ተርታ የሚገባ መሆኑን ማንም አልካደም። ከመርሳ፣ ከሀብሩና ከአካባቢው ወረዳዎች ሕዝቡ ጨዋታ ለማየት ወደ ወልድያ ይመጣ ጀመር። ለሰሜን ወሎ ልጆች ፕሪሚየር ሊግ ማለት በሬዲዮ የሚሰሙት ወሬ መሆኑ ቀርቶ በአውቶቡስ ሄደው የሚያዩት ነገር ሆነ።

ክለቡ በ2009 በሊጉ ቆየ፤ በ2010 ወረደ። ያ የመጨረሻ ዓመት ከሜዳው በላይ ሜዳው ዙሪያ የከበደ ነበር። ኅዳር ላይ ከመቀሌ ከነማ ጋር ሊደረግ ከነበረው ጨዋታ በፊት በከተማዋ ግጭት ተነሣ፤ ጨዋታው ሳይካሄድ ቀረ። የፖለቲካው ቁርሾ ስታዲየም ውስጥ ሲገባ የሚከፍለው ተጫዋቹ፣ አሰልጣኙና ለጨዋታ ብሎ ከቤቱ የወጣው ሰው ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ የሰሜኑ ጦርነት ራሱ መጣ። ወልድያ በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ተያዘች፤ የተለቀቀችው በ2014 ታኅሣሥ ነው።

ልክ በዚያ ወቅት ዋልያዎቹ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሱ። አሰልጣኙ በ2003 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ቡናን የሊግ ሻምፒዮን ያደረጉት ውበቱ አባተ ነበሩ፤ ያሳለፉት ቡድን ደግሞ እንደ ሰውነት ቡድን ኳስ መሬት ላይ የሚያስቀምጥ፣ በአጭር ቅብብል የሚሄድ ነው። መጋቢት 21 ቀን 2013 ዓ.ም. አቢጃን ላይ በአይቮሪ ኮስት እየተመራ፣ ዳኛው ሜዳ ላይ ወድቀው ጨዋታው ቢቋረጥም፣ በሌላው ጨዋታ ማዳጋስካርና ኒጀር አቻ በመለያየታቸው ቡድኑ ማለፉ ተረጋገጠ። ጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ካሜሩን ውስጥ ከኬፕ ቬርዴ ጋር ሲሰለፍ ወልድያ ከጦርነቱ ከተላቀቀች ሳምንታት ብቻ ነበሩ። ኢትዮጵያ ዳግም በአንድ ነጥብ ተመለሰች። ውበቱም እንደ ሰውነት የአገር ልጅ ናቸው። ከ1974 ወዲህ ኢትዮጵያን ለአፍሪካ ዋንጫ ያሳለፏት ሁለቱም የአገር ውስጥ አሰልጣኞች ናቸው።

የሚቆይ ሥራ

ይህን ሁሉ በአንድ ላይ ሲያዩት አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። በ1954 ዋንጫውን ያስገኙት፣ ከ1974 ጀምሮም ኢትዮጵያን ለአፍሪካ ዋንጫ ያበቁት ከአገሪቱ ሊግ የወጡ፣ ተጫዋቹን በስሙና በሰፈሩ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ይድነቃቸው፣ መንግሥቱ፣ ሰውነት፣ ውበቱ። አንዳቸውም በአንድ ውድድር የተሠሩ አይደሉም። ሰውነት ቢሻው በ1998 ኪጋሊ ላይ የተማሩትን በ2004 መጨረሻ ካርቱም፣ በ2005 መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ሰበሰቡት። በመካከል የተባከኑት ዓመታት ባይኖሩ ምን ይገኝ ነበር የሚለው ጥያቄ ፌዴሬሽኑንም፣ ደጋፊውንም፣ ውጤት በሳምንት የሚጠብቀውን ጋዜጠኛም የሚመለከት ነው።

ለወልድያ ትምህርቱ ቅርብ ነው። ገንዘብ ሲኖር ስታዲየም በጥቂት ዓመታት ይቆማል፤ ክለብም በአንድ ጥሩ ዓመት ሊጉን ይቀላቀላል። ግን በመርሳ ወይም በሀብሩ ሜዳ ላይ ልጅ ሰብስቦ በየሳምንቱ የሚያሠለጥን፣ የካርድ መዝገብ የሚይዝ፣ ከሽንፈት ማግሥት ሥራው ላይ የሚገኝ አሰልጣኝ ለማፍራት ብዙ ዓመት ይወስዳል። ከተማዋ ወንበሩን አገኘች፤ አሁን የሚያስፈልጋት በወንበሩ ላይ ቢያንስ ለአምስት ዓመት የሚቀመጥ ሰው መምረጥና ከአንድ ሽንፈት በኋላ እንዳይነሣ መቆም ነው። አሰልጣኝ ሰውነት ከካርቱም ሲመለሱ አምስት ጎል ገብቶባቸው ነበር። ያኔ ቢሰናበቱ ኖሮ ጥቅምት 4 የሚባል ቀን አይኖረንም ነበር።